ነፍሰ ጡር እናት የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት ብትወስድ ጽንሱን ይጎዳልን?

በያቤሎ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከተሰጠ ትምህርት





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ በጤና ጣቢያ ሳይሆን አስቀድሞ በንስሐ አባት ፊት የሚነሣ ነው። «አባቴ፣ ፀንሻለሁ፤ የምወስደው መድኃኒት ልጄን አይጎዳብኝም ወይ? እስክወልድ ድረስ ባቋርጠውስ?» የምትጠይቀው እናት መድኃኒቱን አራት አምስት ዓመት ስትወስድ የኖረች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም በእርግዝና ክትትል የመጀመሪያ ቀን ተመርምራ ውጤቷን ትናንት የሰማች ትሆናለች። ለሁለቱም መልሱ አንድ ስለ ሆነ አስቀድሜ ልናገረውና ምክንያቱን ከዚያ ላስከትል። መድኃኒቱን መውሰድ እናቲቱንም ጽንሱንም ይጠብቃል፤ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጠው ማቋረጡ ነው።

ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍባቸው ጊዜያት ሦስት ናቸው፤ በማሕፀን ሳለ፣ በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ እንዲሁም በጡት ማጥባት ዘመን። በሦስቱም የአደጋውን ልክ የሚወስነው ከሁሉ በላይ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ነው። ምንም ሕክምና ካልተደረገ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑትን ቫይረሱ ይይዛቸዋል። ሕክምናው በወቅቱ ተጀምሮ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ይህ ቍጥር ከ5 በታች ይወርዳል። ከመፅነሷ በፊት ጀምራ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ የወረደላትና በዚያው የጸናች እናት ዘንድ ደግሞ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። አንዲት እናት በፍርሃት መድኃኒቱን ስታቆም ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ልጄን ላድን ብላ ያደረገችው ልጇን የሚጠብቀውን አጥር ያፈርሳል።

ይህ እውቀት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ በአሜሪካና በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት፣ ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት ለእናት በእርግዝናና በምጥ፣ ለሕፃኑም ከተወለደ በኋላ በመስጠት ብቻ መተላለፉን ከ100 ከ25 ወደ 8 ገደማ ማውረድ እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኡጋንዳ የተሰማው ዜና ደግሞ ለድኻ አገሮች ትልቅ ተስፋ ነበር፤ ለእናት በምጥ ጊዜ አንድ የኔቪራፒን ክኒን፣ ለሕፃኑም አንድ ጊዜ ጠብታ መስጠት መተላለፉን ወደ ግማሽ ይቀንሰው ነበር። በሀገራችን የዕድሜ ልክ ሕክምናው በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ማላዊ፣ ቫይረሱ በደሟ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሌላ ምርመራ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሕክምናውን ጀምራ ዕድሜዋን ሙሉ እንድትቀጥል ወሰነች፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ሥርዓት ተቀበለች።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእናንተ መካከል በቀድሞው ዘመን ሥልጠና የወሰዳችሁ አባቶች «መድኃኒቱ ለወሊድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል» የሚለውን ታስታውሱ ይሆናል። ያ በጊዜው ትክክል ነበር፤ ዛሬ ግን አይሠራም። ዛሬ የጀመረች እናት ከወለደችም በኋላ፣ ጡት ካስጣለችም በኋላ አታቆምም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ምንጭ እንምጣ። እናቶች የሚሰሙትን ሁሉ «አሉባልታ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ እንድታደርጉ አልመክርም። አሉባልታው እውነተኛ ሥር ነበረው። ኢፋቪሬንዝ የተባለው መድኃኒት ገና ሲሞከር፣ ተረግዘው ሳሉ መድኃኒቱ ለእናቶቻቸው ከተሰጠ 20 የዝንጀሮ ዝርያ ግልገሎች 3ቱ የአካል ጉድለት ታየባቸው። ስለዚህም ለብዙ ዓመታት ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት እንዳይወስዱት ይነገር ነበር። በኋላ በመድኃኒቱ ላይ ሳሉ የፀነሱ የብዙ ሺህ ሴቶች መዝገብ ሲመረመር በልጆቻቸው ላይ የሚታየው ጉድለት ከሌላው ሕዝብ የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2012 በእርግዝና ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል አስታወቀ።

ሁለተኛው ድንጋጤ የቅርብ ጊዜ ነው፤ የሚመለከተውም አሁን በሀገራችን አብዛኛው ታካሚ የሚወስደውን ዶሉቴግራቪር የተባለውን መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ከቴኖፎቪርና ከላሚቩዲን ጋር በአንድ ክኒን ተዋሕዶ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከቦትስዋና አስደንጋጭ ወሬ ወጣ። በዚያች አገር በሆስፒታሎች የሚወለዱ ሕፃናትን የሚመዘግብ ጥናት፣ ዶሉቴግራቪር እየወሰዱ ከፀነሱ 426 እናቶች ልጆች በ4ቱ ላይ የነርቭ ቧንቧ ጉድለት አገኘ። የነርቭ ቧንቧ ማለት አንጎልና ሰረሰር የሚሠሩበት የጽንሱ የመጀመሪያ ቅርጽ ነው። ከ1,000 ዘጠኝ መሆኑ ነው፤ በሌሎች እናቶች ዘንድ የሚታየው ከ1,000 አንድ ገደማ ነበር። በአንዳንድ አገሮች በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች መድኃኒቱ ተከለከለባቸው፤ ወሬውም በስልክ ዓለምን ዞረ።

ነገር ግን ጥናቱ በዚያ አልቆመም፤ ቈጠራው ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት ቍጥሩ ከ1,000 ወደ 3 ወረደ፤ ከዚያም ወደ 2። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ9,000 በላይ ልጆች ከተመዘገቡ በኋላ ከ1,000 አንድ ገደማ ሆኖ ከሌሎቹ እናቶች ጋር እኩል ሆነ። በጥቂት ሰዎች ላይ በአጋጣሚ የታየው ብዙዎች ሲቈጠሩ ጠፋ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቈጠራው ሳያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019፣ መድኃኒቱ ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ ለሁሉም ተመራጭ እንዲሆን መክሯል። ሁለተኛው ወሬ ግን እንደ መጀመሪያው ፈጥኖ አልተጓዘም፤ የምሥራች አዝጋሚ ነው። አንዲት እናት «መድኃኒቱ ልጅ ያበላሻል ሲሉ ሰምቻለሁ» ስትላችሁ፣ የሰማችው የ2018ቱን ወሬ እንደ ሆነና ቈጠራው ከዚያ በኋላ ምን እንዳሳየ ልትነግሯት ትችላላችሁ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የነርቭ ቧንቧው የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። አብዛኞቹ እናቶች በዚያን ጊዜ መፅነሳቸውን እንኳ አያውቁም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር መፅነሷን አውቃ በፍርሃት መድኃኒቱን የምታቆም እናት፣ ፍርሃቷ እውነት ቢሆን እንኳ፣ የፈራችው ጊዜ አልፏል። የሚቀራት ጉዳት ብቻ ነው። የነርቭ ቧንቧ ጉድለት በሀገራችን ይህን መድኃኒት ፈጽሞ በማያውቁ እናቶች ልጆች ላይም ይታያል፤ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ የፎሌት እጥረት ስለ ሆነ ለመፅነስ የምታስብ ሴት የፎሊክ አሲድ ክኒን አስቀድማ እንድትጀምር ጤና ጣቢያ ሄዳ ትጠይቅ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንም ጉዳት የለውም ልል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። ቴኖፎቪር ኵላሊትን ሊነካ ስለሚችል የኵላሊት ሕመም ያለባት እናት ልትናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በአፍሪካና በሕንድ የተደረገ ጥናት፣ ከቀድሞዎቹ የመድኃኒት ድብልቆች አንዳንዶቹ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም በክብደት አንሶ እንዲወለድ ሊያደርጉ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ ያው ጥናት ቫይረሱ ወደ ልጅ የተላለፈው ከ200 በአንዱ ብቻ እንደ ሆነም አሳይቷል። አሁን በሚሰጠው በዶሉቴግራቪር ላይ በነፍሰ ጡሮች የተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከ100 እናቶች 98ቱ በወሊድ ቀን የቫይረሱ መጠን ዝቅ ብሎላቸው እንደ ተገኙ አስታውቋል። እንግዲህ የሚያስፈልገው የእርግዝና ክትትሉን ሳያቋርጡ መጠበቅ ነው። የሚሰማትን ለአዋላጅ ነርሷ ትናገር፤ መለወጥ ካስፈለገ ባለሙያው ይለውጥላታል። በገዛ እጇ አታቁም፤ ማንም ደግሞ «አቁሚ» አይበላት።

አንዳንዴ ይገርመኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ የተመዘነና የተቈጠረ ክኒን ፈርታ የተወች እናት «ሆዴን ይጠርግልኛል» ብላ ኮሶ ትጠጣለች። በእርግዝና ጊዜ በእውነት የሚያስፈራው ያኛው ነው።

ለእናንተ በተለይ ይጠቅማል ብዬ ያዘጋጀሁት የሚቀጥለው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ የደም ማነስ እንዳያገኛት የአይረን ክኒን ይሰጣታል። ዶሉቴግራቪር ከአይረን ጋር፣ እንዲሁም ከካልሲየም ጋር፣ በባዶ ሆድ አብሮ ከተዋጠ ተጣብቆ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። እናቲቱ መድኃኒቴን ወሰድሁ ትላለች፤ በደሟ ውስጥ ግን የሚበቃው አይገኝም። ማስተካከያው ቀላል ነው። ሁለቱን ከምግብ ጋር አብራ ብትውጥ ችግር የለም። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩን አይረኑ ከመዋጡ 2 ሰዓት አስቀድማ፣ ወይም ከተዋጠ 6 ሰዓት በኋላ ትውሰድ።

የጾም ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ በምግብም ያለ ምግብም ሊወሰድ ይችላልና ጾም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ነፍሰ ጡር ሴት ምን ያህል ትጹም የሚለው የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለምነው ውሳኔው ክብደቷንና የደም መጠኗን ካየ ባለሙያ ቃል ጋር እንዲሆን ብቻ ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ግን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ለመድኃኒቱ ዋናው ነገር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዋጡ ነው፤ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑ አይደለም። ስለዚህ ጾም የሚፈታበት ከቀኑ 9 ሰዓት ለብዙዎች ሊመች ይችላል፤ ያን ጊዜ ከምግብ ጋር አይረኑንም አብራ ልትወስድ ትችላለች። እሑድ ለመቍረብ የምትዘጋጅ እናትም ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ብትወስድ እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት 18 ሰዓት ይሆናል፤ የእሑዱን ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በሰዓቱ ትወስዳለች። ከሥራዋና ከኑሮዋ ጋር የማይስማማ ከሆነ ከነርሷና ከአባቷ ጋር ተመካክራ ሌላ ሰዓት ትምረጥ። «መድኃኒት ስለምወስድ አልቈርብም» ብላ ለብቻዋ ወስና እንዳትርቅ ግን ጠይቋት።

ስለ ጠበል ብዙ አልናገርም፤ ጉዳዩ ቀድሞ ተወስኗልና። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ አስተምረዋል። ከዚህ የተለየ የሚያስተምር አጥማቂ በአካባቢያችሁ ካለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ሊመክሩት የሚችሉትም ካህናት ናቸው እንጂ ነርሶች አይደሉም። በተግባር ግን አንድ ነገር ይታሰብ፤ ጠዋት ብዙ ጠበል ጠጥታ የሚያስመልሳት እናት ክኒኑን በዚያው ሰዓት አትዋጥ፤ አብሮ ይወጣል።

ልጁ ሲወለድ ሥራው አላለቀም። ሕፃኑ ወዲያው የሚጀመር የኔቪራፒን ሽሮፕ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ይሰጠዋል፤ ለአደጋ ይበልጥ የተጋለጠ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ታክሎ እስከ 12 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። እናቲቱ መድኃኒቷን እየወሰደች ታጠባለች፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ቅቤም የስኳር ውኃም ሳይጨመር። ከዚያም በ6ኛው ሳምንት ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ ተወስዶ ለምርመራ ይላካል። የመጨረሻው ምርመራ በ18 ወር ነው።

ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ እንግዲህ ክርስትናውና ምርመራው አንድ ሰሞን ይውላሉ። ሁኔታውን የሚያውቅ የንስሐ አባት በክርስትናው ቀን በጆሮዋ «የልጁ ቀጠሮ ደርሷል» ቢላት ምንኛ በጠቀማት! ሴት ልጅ ግን ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ በዚያ ላይ የምንታመን ከሆነ ምርመራው በአምስት ሳምንት ይዘገያል። ቫይረሱ ያዛቸው ሕፃናት ሳይታከሙ ሲቀሩ ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ሆነ ያ አምስት ሳምንት ቀላል አይደለም። አንዳንድ እናቶች ደግሞ አርባውና ሰማንያው ሳይሞላ ከቤት መውጣት የማይገባ ይመስላቸዋል። የመንጻቱ ሥርዓት ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባት ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አይከለክልም። ይህን ከካህን አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል። ጠበል ለመርጨት ወደ አራስ ቤት ስትገቡ ይህችን አንዲት ቃል ጣል ማድረግ በቂ ነው፤ ለአራስ ሁሉ ብትናገሩት ደግሞ ማንም ተለይታ አትታወቅም።

መታወቅን ካነሣሁ፣ ይህኛው የሰበካ ጉባኤዎችን ይመለከታል። በንስሐ የተነገረ ነገር ምሥጢር መሆኑን ለአባቶች ማስተማር የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን ምሥጢር በሌላ በር ይወጣል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ በቀረበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ የቦረና ከብት ሲያልቅና ሰው ወደ ዱብሉቅና ወደ ሌሎች መጠለያዎች ሲፈልስ፣ የርዳታ ዝርዝር ሳይዝ የሚውል ኮሚቴ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ከሴት ስም ጎን «ኤች አይ ቪ» ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ከአዲስ አበባ ሞያሌ የሚመላለስ ሾፌር ቢሆን፣ እርሱም ሳይመረመር ቢቀር፣ ወሬውን ከሻይ ቤት መስማቱ ትዳሩን ያፈርሰዋል፤ እናቲቱም ሌላ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያው በር አትደርስም። «ነፍሰ ጡር» ወይም «የምታጠባ» የሚለው ቃል ለርዳታው በቂ ምክንያት ነው። ለባል መንገርን በተመለከተ ደግሞ፣ ባልና ሚስት በአንድነት የሚመረመሩበት አሠራር በጤና ጣቢያ አለ። ካህኑ ሁለቱን «አብራችሁ ሂዱ» ብሎ ሊልካቸው ይችላል፤ እርሱ ግን የአንዱን ውጤት ለሌላው አይናገርም።

የአገራችን ኑሮ የመንቀሳቀስ ኑሮ ነው። ከብት ተከትላ ወደ ፎራ የምትሄድ፣ ለንግድ ሞያሌ የምትወርድ፣ ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ነገሌ የምትመለስ እናት አለች። ከመነሣቷ በፊት መድኃኒቷን ለሚበቃት ጊዜ እንዲሰጧት ትጠይቅ፤ የዝውውር ወረቀቷንም ትያዝ። ሳትይዝ ከተገኘች ግን «ወረቀት የለኝም» ብላ ቀን አትቍጠር፤ ባለችበት ወዳለው ጤና ጣቢያ ዕቃውን ይዛ ትሂድ። ብዙዎች ሰው እንዳያውቅባቸው ጽሑፉን ልጠው ይጥሉታልና፣ ጽሑፉ ያለበትን ዕቃ ባይሆን በከረጢት ሸፍና እንድታስቀምጠው ምከሯት። ከ30 ዲግሪ በላይ የሞቀ ቦታ ለክኒኑ አይስማማም፤ በቆላው ከተሞች ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገሩ እናቶችም ይህ ሁሉ በቋንቋቸው እንዲነገር ከየአጥቢያው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ፤ ካህኑ የማያውቀውን ቋንቋ እነርሱ ያውቁታል።

ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየአጥቢያችሁ ሰው ሳይታዘባት ነፍሰ ጡርን እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ሰው፣ ቢቻል እናት የሆነች የሰበካ አባል፣ ምረጡ። ስሟን ለአዋላጅ ነርሷ ንገሩ፤ የነርሷንም ስልክ ለንስሐ አባቶች ስጡ። አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ አለን።